ያልተቀቡት የፕራይዘር ሰዎች፦ ለሞዴል ባቡር የሚሸጥ ሣጥን ግምገማ

የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን በአብዛኛው የሚያፈሱት በሎኮሞቲቭ፣ በፉርጎና በሃዲድ ላይ ነው። የተመልካች ዓይን ግን ቀድሞ የሚያርፈው በሰዎቹ ላይ ነው። የዛገው ሃዲድ፣ በጥላሸት የጠቆረው የጣቢያ ጣሪያ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ሁሉ በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳለ፣ ፊቱ የሚያብለጨልጭና እግሩ ሥር የፕላስቲክ ሰሌዳ የተለጠፈበት አንድ መንገደኛ መድረኩ ላይ ቢቆም የቀረውን ድካም ሁሉ መጫወቻ ያስመስለዋል። ፕራይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቀለም ሳይቀባ በሣጥን የሚሸጣቸውን ጥቃቅን ሰዎች ለመገምገም የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ብሩሽ ለመያዝ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው በዚህ ልኬት ከዚህ የተሻለ ግዢ አላውቅም።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ ሲሆን መቀመጫው በባቫርያ፣ በሮተንቡርግ ኦብ ዴር ታውበር ከተማ አጠገብ ነው። ተቀብተው የሚሸጡት ሰዎቹ አምስት ስድስት እየሆኑ በትንንሽ ጥቅል ይመጣሉ፤ በእጅ የሚቀቡ ስለሆኑም ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ትልቁ ያልተቀባ ሣጥን በአንጻሩ ከመቶ በላይ ሰዎችን ስለሚይዝ የእያንዳንዱ ሰው ዋጋ ሲሰላ በጣም ይረክሳል። ልኬቱ 1፡87 ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው እዚህ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። በዚህች ቁመት ላይ የካፖርቱ እጥፋት፣ የባርኔጣው ጠርዝና የቦርሳው ማንገቻ ጥርት ብለው ተቀርጸዋል። በኢንተርኔት ገበያ በከረጢት እየታሸጉ በርካሽ ከሚሸጡት ስም የለሽ ምስሎች ጋር ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ ወዲያው ይለያል፤ የእነዚያ ፊት ድቡልቡል፣ እጃቸው ከጎናቸው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በሩቅ የሚታይ ሕዝብ ለመሙላት ካልሆነ በቀር ከፊት ረድፍ ሊቆሙ አይችሉም።

ምስሎቹ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዘው ስለሚመጡ በስለታም ምላጭ ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያልፋት አንዲት ነገር አለች። ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ግማሾች በተገጠሙበት በኩል፣ ከእግር ጎን ተነሥታ በትከሻ ላይ አልፋ እስከ ባርኔጣው የምትደርስ ቀጭን መስመር ትታያለች። ይህች መስመር በማንኛውም በቅርጽ ማውጫ በተሠራ ፕላስቲክ ላይ ያለች ናት። በምላጩ ጀርባ ቀስ ተብላ ካልተፋቀች ቀለም ሲነካት ጎልታ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢቀቡት ሰውየው ፕላስቲክነቱን አይደብቅም። ከተፋቀች በኋላ ምስሉን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ማጠብና ማድረቅ፣ ቀጥሎም ስስ የመደብ ቀለም መርጨት ይበቃል።

የቀለሙ ጉዳይ ሰፋ ያለ ቃል ይሻል፤ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ነውና። አንድን ምስል በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሆነን ስናየው፣ በ1፡87 ሲሰላ ከእውነተኛ ሰው 35 ሜትር ያህል ርቀን እንደ መቆም ነው። በ35 ሜትር ርቀት ያለን ሰው የዓይኑን ነጭ ማን ያያል? የምናየው ከግንባሩ በታች ያለውን ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊቱ ላይ ሁለት ነጭ ነጥብ ማኖር ሰውየውን የደነገጠ ያስመስለዋል እንጂ ዓይን አይሰጠውም። በርቀት ቀለም ሁሉ ይደበዝዛል፤ ጥቁር ሱፍ በጠቆረ ግራጫ፣ ነጭ ሸሚዝ በወተት ቀለም፣ ቀይ ሻርፕ ቡናማ ጠብ በተደረገበት ቀይ ቢቀባ ለእውነቱ ይቀርባል። ንጹሕ ጥቁርና ንጹሕ ነጭ ከዚህ ሥራ ጨርሶ መውጣት አለባቸው ባይ ነኝ።

መሠረቱ ቀለም ከደረቀ በኋላ፣ በውኃ እጅግ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም ምስሉ ላይ ይደረጋል። ቀጭኑ ቀለም በራሱ ጊዜ ወደ ካፖርቱ እጥፋት፣ ወደ ብብቱ፣ ወደ ባርኔጣው ጠርዝ ሥር ይወርድና እዚያ ይቀራል። ይህ የፕራይዘር ቅርጽ ጥራት ዋጋውን የሚከፍልበት ደረጃ ነው፤ እጥፋቱ በደንብ የተቀረጸ ስለሆነ ጥላው የሚያርፍበትን ቦታ ራሱ ያገኛል፣ ቀቢው ብዙ አይደክምም። ከዚያ ትከሻውንና ጉልበቱን፣ ፊቱ ላይ ደግሞ አፍንጫውንና ጉንጩን ብቻ፣ ከመሠረቱ ፈካ ባለ ቀለምና ሊደርቅ በቀረበ ብሩሽ ዳበስ ማድረግ ነው። የስፔኑ ቫሌሆ ኩባንያ አክሪሊክ ቀለሞች ለዚህ ይመቻሉ፤ ሲቀጥኑ አይቆራረጡም። በመጨረሻ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይረጫል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ቫርኒሹን እመርጣለሁ፤ ሰውን መጫወቻ ከሚያስመስሉት ነገሮች ቀዳሚው የፊትና የልብስ ብልጭታ ነውና።

መቆሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተረከዙን በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ የግማሽ ሚሊ ሜትር ሽቦ መትከልና ሽቦውን በመሬቱ ውስጥ መስደድ ከሁሉ ይሻላል፤ ሰውየው በእርግጥ መሬት ረግጦ ይቆማል፣ ሲፈለግም ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። በፍጥነት የሚይዘው ጠንካራ ሙጫ ግን ሲደርቅ በዙሪያው ነጭ ጭጋግ የመሰለ እድፍ ስለሚተው በመድረክ ላይ ባይነካ ይመረጣል።

በሣጥኑ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ የአቋም ምርጫን ይመለከታል። የመንገደኞቹ ሣጥን ውስጥ እግራቸውን ለእርምጃ ያነሡት ይበዛሉ። ባቡሩ በሚንቀሳቀስበት ጠረጴዛ ላይ እግሩን አንሥቶ ለዘላለም የደረቀ ሰው ዓይንን ይረብሻል፤ አንድ ሁለቱ ይታለፋሉ፣ ሃያ ሲሆኑ ግን ቅዠት ይሆናል። እውነት የሚመስለው ሰው ደቂቃዎችን ሳይነቃነቅ ሊቆይበት በሚችል አቋም ላይ ያለው ነው፦ ሻንጣው ላይ የተቀመጠ፣ ምሰሶ የተደገፈ፣ ጋዜጣ የዘረጋ፣ ፊት ለፊት ቆመው የሚጨዋወቱ ሁለት ሴቶች። ስለዚህ ከሣጥኑ የቆሙትን ለፊት ረድፍ፣ የሚራመዱትን ለኋላ መንገድ መመደብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተውንና በዓለም ትልቁ የሞዴል ባቡር ትርኢት የሆነውን የሀምቡርጉን ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። እዚያ ከ250,000 በላይ ጥቃቅን ሰዎች አሉ፤ ተመልካቹን የሚያቆሙት ግን ብዛታቸው ሳይሆን ሦስት አራት እየሆኑ አንድ ጉዳይ ይዘው መገኘታቸው ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ወደ እርሱ ዞሯል፣ ሦስተኛው ሌላ ነገር ያያል።

ሰው ብቻውን ጣቢያ አያደርግምና ስለ ተሽከርካሪዎቹም ልናገር። ቪኪንግ፣ ሄርፓና ብሬኪና የተባሉት የጀርመን ሥሪቶች በ1፡87 ስለሚሠሩ ከፕራይዘር ሰዎች ጋር ያለ ችግር ይገጥማሉ። በየሱቁ የሚገኙት የብረት መጫወቻ መኪናዎች ግን አብዛኛዎቹ ወደ 1፡64 የሚጠጉ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱን ከጣቢያው በር ላይ ብታቆሙ ሹፌሩ ግዙፍ ካልሆነ በቀር መሪው ላይ አይደርስም። ዘመኑም መጣጣም አለበት፤ የ1950ዎቹን ካፖርትና ባርኔጣ የለበሰ ሕዝብ አጠገብ የዛሬ መኪና ማቆም ሁለቱንም ያበላሻል።

መኪና እንደ ሰው ጨርሶ መደብዘዝ የለበትም። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ጥቂት ብልጭታ ሊቀር ይገባል፣ መስታወቱም እንዲሁ፤ ጎማው ግን ጥቁር ሳይሆን አቧራማ ግራጫ ይሁን። የፊት ጎማዎቹን ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ከተቻለ፣ መኪናው አሁን የቆመ ወይም አሁን የሚነሣ ይመስላል። የተፈጨ ቡናማ የጠመኔ ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ በፓራፋንጎውና በበሮቹ ግርጌ ሲነሰነስ መንገድ የዋለ መኪና ይወጣዋል። ለአሮጌ የጭነት መኪና የምወዳት ዘዴ ደግሞ ይህች ናት፦ የመስታወት መጥረጊያው የሚጠርገውን የማራገቢያ ቅርጽ ከማጣበቂያ ወረቀት ቆርጦ የፊት መስታወቱ ላይ መለጠፍ፣ ዱቄቱን ነስንሶ በቫርኒሽ ማስያዝ፣ ከዚያ ወረቀቱን ማንሣት። በአቧራው መካከል ሁለት ንጹሕ ግማሽ ክቦች ይቀራሉ፤ ያን ያየ ሰው ሹፌሩን ባያይም ሹፌር እንዳለ ያምናል።

ያልተቀባውን ሣጥን ለኛ ሰዎች ይበልጥ ተመራጭ የሚያደርገው አንድ ምክንያት ቀርቷል። የምድር ባቡራችንን ዘመን፣ የድሬዳዋን ወይም የለገሃርን መድረክ በጠረጴዛ ላይ ማየት ለሚመኝ፣ ነገሩ በመርህ ደረጃ የሚቻል ነው፤ የጅቡቲው መስመር የሃዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በዚህ ልኬት ለእንዲህ ዓይነት መስመር የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ይስማማዋል። የሚያስቸግረው ሰው ማግኘት ነው፤ ተቀብቶ የተዘጋጀው ጥቅል ባብዛኛው የአውሮፓን መንገደኛ የያዘ ነው። ባልተቀባው ሣጥን ግን የቆዳውን ቀለም ራሳችን እንወስናለን። ለፊቱ ሞቅ ያለ ቡናማ መነሻ አድርጎ፣ ጥላውን ወደ ጥቁር ሐምራዊ፣ ብርሃኑን ወደ ቀይ ዳማ መውሰድ ያምርበታል። ረጅም ቀሚስ ለብሳ ለቆመች ሴት ነጠላ ለማልበስ ከስስ የሶፍት ወረቀት አንዱን ንብር ለይቶ፣ በቀጠነ ነጭ ሙጫ አርሶ፣ በወረንጦ ትከሻዋ ላይ መጣልና ሳይደርቅ እጥፋቱን ማስያዝ ነው፤ ጥለቱ በአንድ ፀጉር ብሩሽ የሚሰመር መስመር ብቻ ነው። በጣቢያው በር ደግሞ ድሬዳዋን ያወቀ ሁሉ የሚያስታውሰው ፔጆ 404 ታክሲ ቢቆም ቦታው ስሙ ሳይጻፍ ይታወቃል።

ግዢውን የሚያስብ ሰው ተቀምጠው የተሠሩ ሰዎችን የያዘውን ያልተቀባ ሣጥን አብሮ እንዲገዛ እመክራለሁ። ፉርጎዎቹ ውስጥ በመስኮት የሚታዩት ተሳፋሪዎች፣ በጋቢና ውስጥ መሪ የሚይዙት ሹፌሮች የሚገኙት ከእነርሱ ነውና፤ ወንበሩ ጠበብ ካለ እግራቸውን ከጉልበት በላይ መቁረጥ ይቻላል፣ ከውጭ አይታይም።