ልጄን ከኬሚስትሪ ጋር ላስታረቀችው ቲቸር

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ እሺ አይለኝም። ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ (የኬሚካል ቀመሩን ግራና ቀኝ የአተም ቁጥር እኩል ማድረግ) አልገባው ብሎ ደብተሩን የሚደብቅ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ከእሷ በፊት ሦስት አስጠኚ ቀያይረናል። የመጀመሪያው ክፍያውን አስቀድሞ ይቀበልና ሰዓቱን ስልኩን ሲነካካ ይጨርሰዋል። ሁለተኛዋ የቤት ሥራውን ራሷ ሠርታለት ትሄዳለች። ደብተሩ ላይ 10 ከ10፣ ፈተናው ላይ 2። ሦስተኛው ግን አንጀቴን አሳርሮታል። «ይሄ እኮ መቁጠር ነው! መቁጠርም አትችልም?» ብሎ ሲጮህበት በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ኬሚስትሪ ሲባል ልጄን ሆዱን ያመው ነበር። የምሬን ነው፣ ያመው ነበር። እኔ ደግሞ ትምህርቱን ስለማላውቀው ላግዘው አልቻልኩም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እሷ ገና እንደመጣች የወደቀበትን የፈተና ወረቀት ጠየቀችው። ጥያቄው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ ግራና ቀኙን አመጣጥን የሚል ነው። በግራ በኩል 2 ኦክስጅን፣ በቀኝ 1። ልጄ ውሃው ውስጥ ካለው ኦክስጅን ግርጌ ትንሿን 2 ጨምሮ እኩል አድርጎታል። ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል። እሷ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችውና «ኦክስጅኑን በደንብ ቆጥረሃል» አለችው። ልጄ ቀና አለ። «ግን ይሄ አሁን ውሃ መሆኑ ቀረ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆነ። ጸጉር የሚያነጡበት። ትጠጣዋለህ?» ሳቀ። ኬሚስትሪ ደብተር ፊት ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«የልብስ ቁልፍ ይኖርዎታል?» አለችኝ። የስፌት ሣጥኔን አመጣሁላት። ነጩ ሃይድሮጅን፣ ቀዩ ኦክስጅን ሆነ። ሁለት ሁለቱን በክር አሰረቻቸው። «ክሩን ፍታ፣ እንደገና እሰር። ነጠላ ቁልፍ መጨመርም መጣልም ግን የለም። ከጎደለህ የታሰረውን እንዳለ አምጣ።» ላቯዚዬ የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ ፈረንጆቹ በ1789 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ነገር መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም አለችው። ልጄ ብቻውን ተቀመጠበት። 2 ጥንድ ነጭ፣ 1 ጥንድ ቀይ፤ 2 ውሃ ወጣው። «ማሚ፣ ምንም አልተረፈም!» ብሎ ሲጠራኝ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አልደርስበትም። ካርቦን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን መጨረሻ ሲል ብቻ እሰማዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ፕሮፔይን (የማገዶ ጋዝ ነው) ሲቃጠል 5 ጥንድ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 4 ውሃ ይወጣዋል እያለ ለታናሽ እህቱ ሲያስረዳት አገኘሁት። ያ ሆዱን ያመው የነበረው ልጅ!

አስጠኚ የምትፈልጉ፣ እባካችሁ እሷን ያዙ። አትጮህም። ሠርታ አትሰጥም። ልጁ የተሳሳተበትን ቦታ ፈልጋ እዚያው አብራው ትቀመጣለች። ስሟን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ቲቸር፣ ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውሃዎች አሁንም እንደታሰሩ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ማንም እንዳይፈታቸው ብሎ ከልክሎናል።