የናፍታ ፒክአፕ የነዳጅ ግፊትን በብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ መከታተል፦ የ14 ወር ልምድ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ የናፍታ ሞተር ባላት ፒክአፔ ላይ ለ14 ወራት ስለተጠቀምኩበት አነስተኛ የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ ነው። መሣሪያው ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ይሰካና ከሞተሩ ኮምፒውተር ያገኘውን መረጃ ወደ ስልክ ይልካል። ገበያው ላይ «ኢኤልኤም 327» እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት ሲሆን፣ በዚህ ስም የሚታወቀውን ቺፕ መጀመሪያ የሠራው የካናዳ ኩባንያ ቢሆንም በርካሽ የሚገኙት አብዛኞቹ ቅጂዎች ናቸው። የእኔም በዋጋው ስገምተው ከቅጂዎቹ አንዱ ነው።

የገዛሁት ተቸግሬ ነው። መኪናዋ ከአዲስ አበባ ጅማ የውኃ ፓምፕና መለዋወጫ ታመላልሳለች። በመልስ ጉዞ የግቤን ድልድይ ተሻግራ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣውን ዳገት ስትጀምር፣ በሦስተኛ ማርሽ ላይ እያለች በድንገት ጉልበት ታጣለች፤ የሞተር መብራት ይበራል፤ ነዳጅ ቢረገጥም ምላሽ የለም። ጥግ ይዤ አጥፍቼ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ ሳስነሣት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ትወጣለች። ጋራዥ ስወስዳት ፒ 0087 የተባለው የብልሽት ኮድ ተነበበ፤ ትርጉሙም በጋራው የነዳጅ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከሚፈለገው በታች ነው ማለት ነው። መካኒኩ ወጣት፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው፤ ኮዱን አይቶ «ጋሼ፣ የነዳጅ ፓምፑ አልቆለታል፤ ሌላ ሌላውን ሲነካኩ ገንዘብዎን ነው የሚጨርሱት» አለኝ። የፓምፑን ዋጋ ከሰማሁ በኋላ ሁለት ቀን እንዲሰጠኝ ለመንኩትና መሣሪያውን ገዛሁ።

ኮመን ሬል የሚባለው አሠራር ከድሮው ሜካኒካል ፓምፕ የሚለየው ፓምፑ ለእያንዳንዱ ኖዝል (ናፍታ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) በየተራ ግፊት ከመስጠት ይልቅ፣ ሁሉም ኢንጀክተሮች (የዛሬዎቹ ኖዝሎች) በሚካፈሉት አንድ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ግፊቱን ሁልጊዜ ጠብቆ ስለሚያቆየው ነው። በኔ መኪና ሞተሩ ሥራ ፈት ሆኖ ሲዞር ግፊቱ 300 ባር አካባቢ ነው፤ ጭነት ሲበዛ ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል። ቁልፉ ሲዞር ደግሞ ኮምፒውተሩ ግፊቱ 200 ባር አካባቢ ሳይደርስ ኢንጀክተሮቹን አይከፍትም። ስለዚህ ፒ 0087 የሚናገረው ስለ ውጤቱ ብቻ ነው። ግፊቱ የወረደው ፓምፑ ስላረጀ ሊሆን ይችላል፤ ነዳጅ ፓምፑ ጋ በበቂ ስላልደረሰም ሊሆን ይችላል፤ ኢንጀክተሮቹ ትርፉን ወደ ሰርባቶዮ (የነዳጅ ታንኩ) በሚመልሰው ቱቦ ብዙ ናፍታ ስለሚያፈሱም ሊሆን ይችላል። ኮዱ እነዚህን ሦስቱን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ግፊቱ መቼና እንዴት እንደሚወርድ ነው፤ የመሣሪያው ጥቅምም እዚህ ላይ ይጀምራል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግራ ያጋባኝ የመለኪያው አሃድ ነበር። መተግበሪያው ግፊቱን በኪሎፓስካል ሲያሳየኝ 30,000 የሚል ቁጥር አይቼ ደንግጬ ነበር፤ 100 ኪሎፓስካል 1 ባር መሆኑን ሳስታውስ ግን 300 ባር፣ ጤነኛ ቁጥር ሆኖ አገኘሁት። ሁለተኛው ችግር ከበድ ይላል። ነጻው መተግበሪያ የሚያሳየው ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ግፊት ለማየት ለመኪናው ዓይነት የተዘጋጀውን ተጨማሪ ዝርዝር ከፍሎ መጫን ያስፈልጋል። ይህን ክፍያ ማንም እንዳይሰስት እመክራለሁ፤ 700 ባር የሚለው ቁጥር ብቻውን ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ የተጠየቀው 700 ከሆነ ጤና ነው፤ የተጠየቀው 1,300 ከሆነ በሽታ ነው።

ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ስልኩን እንዲቀዳ አድርጌ ዳገቱን ደገምኩት። ሜዳ ላይ የተጠየቀውን ግፊትና ያለውን ግፊት የሚያሳዩት ሁለቱ መስመሮች ስልኩ ላይ ተደራርበው ይሄዱ ነበር። ዳገቱ ላይ የተጠየቀው 1,300 ባር አካባቢ ሲቆም፣ ያለው ግፊት ለጥቂት ሰከንዶች አብሮት ከቆየ በኋላ ቀስ እያለ ወደ 1,100፣ ወደ 900፣ ከዚያም ወደ 700 ወረደ፤ መብራቱም በራ። ፓምፑ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን 1,300 ባር መስጠት መቻሉ ትልቅ ፍንጭ ነበር። አቅሙ ያለቀ ፓምፕ ከመነሻውም እዚያ አይደርስም፤ ደርሶ ቀስ በቀስ የሚወርድ ግን የሚበላው ነዳጅ እያነሰበት ነው ማለት ነው።

የናፍታ ማጣሪያውን ቀየርኩ፤ ለሁለት ሳምንት ተሻላት፤ ከዚያ ችግሩ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ስልኩ ብቻውን ሊረዳኝ አልቻለም፤ መሣሪያው ከፓምፑ በፊት ስላለው የዝቅተኛ ግፊት መስመር ምንም የሚያውቀው ነገር የለምና። የኔ መኪና ሰርባቶዮ ውስጥ ገፊ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የላትም፤ ናፍታውን የሚስበው ዋናው ፓምፕ ውስጥ ያለች ትንሽ ፓምፕ ናት። በመሳብ የሚሠራ መስመር ቢሰነጠቅ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ከፓምፑ በፊት አንድ ክንድ የሚሆን ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባንና ሞተሩን አስነሣን፤ አረፋ አልታየም። ቀጥሎ በባለ ሦስት አፍ ማገናኛ የመሳብ መለኪያ አስገባን (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፓምፑ ለመሳብ እየታገለ ነው)፤ ከማጣሪያው በኋላ ሲለካ 0.35 ባር፣ ከማጣሪያው በፊት ሲለካም ያው ለማለት የሚቻል ቁጥር ወጣ። ማጣሪያው ራሱ ንጹሕ ነበር፤ መዘጋቱ ከእሱ በፊት ነው። ሰርባቶዮው ሲወርድ በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት በዝገትና በጥቁር ዝቃጭ ተሸፍና፣ አንድ ቁራጭ ስስ ፕላስቲክም ተለጥፎባት ተገኘ። ከታች ደግሞ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ወጣ። ነዳጅ በጠፋበት ወቅት መንገድ ዳር በጀሪካን የገዛሁት ናፍታ ያመጣው እንደሆነ አልጠራጠርም። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ስለሚቆም ቆሻሻው ከወንፊቷ ላይ ይወድቃል፤ ሩብ ሰዓት ዕረፍት መድኃኒት ይሆናት የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰርባቶዮው ታጥቦ ወንፊቷ ከጸዳች በኋላ የመለኪያው ንባብ ወደ 0.1 ባር ወረደ፤ ዳገቱንም ያለ መብራት ወጣን። ፓምፑ እስከ ዛሬ ያው የድሮው ነው።

እዚህ ላይ ደጋ ላይ የምንነዳ ሰዎች ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። መሳብ የሚባለው ነገር በተግባር የከባቢ አየር ግፊት ናፍታውን ወደ ፓምፑ መግፋቱ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት 1 ባር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 0.76 ባር ይወርዳል። ስለዚህ በቆላ ብዙም የማይጎዳ ግማሽ የተዘጋ ማጣሪያ እኛ ጋ ቀድሞ ሞተሩን ያስርበዋል፤ በመመሪያ መጽሐፉ የተጻፈውን የማጣሪያ መለወጫ ኪሎ ሜትር በግማሽ የቀነስኩትም በዚህና በነዳጁ ንጽሕና ምክንያት ነው።

በዘጠነኛው ወር ሌላ ችግር መጣ፤ ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ረጅም ጊዜ መዞር ጀመረች። ስልኩ ላይ ሲታይ ሞተሩ እየዞረ ግፊቱ 120 ባር ላይ ይንገዳገዳል፤ 200 ለመድረስ ስምንት ሰከንድ ይፈጅበታል። አራት እኩል የውኃ ፕላስቲኮች አዘጋጅተን የየኢንጀክተሩን መመለሻ ቱቦ ወደየፕላስቲኩ ከተን ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሣን፤ ሦስቱ ተቀራራቢ ሲይዙ የሦስተኛው ሲሊንደር ፕላስቲክ ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሞላ። አንድ ኢንጀክተር ብቻ ተቀየረ፤ መነሣቱም ተስተካከለ። በዚህ ሥራ ወቅት አንድ ነገር አጥብቄ ከልክያለሁ። በድሮው ሜካኒካል ፓምፕ የለመዱ መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቧንቧ ዳዶ ላላ በማድረግ የሞተውን ሲሊንደር ይፈልጉ ነበር፤ በኮመን ሬል ላይ ግን ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም እጅን እስከማስቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት ስለሆነ ወዲያውኑ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ስለ መሣሪያው ድክመት ልጨምር። ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ንባቡ ስለሚዘገይ ከግፊቱ፣ ከተጠየቀው ግፊትና ከሞተሩ ዙር ውጭ ሌላ አልከፍትም፤ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚሆን የግፊት መዋዠቅ በዚህ መሣሪያ አይያዝም፤ ለዚያ የጋራዥ ማሽን ያስፈልጋል። ተሰክቶ ከተረሳ ባትሪ ይበላል፤ አንድ ጊዜ መኪናዋ አሥር ቀን ቆማ ባትሪው ባዶ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በአሥራ አንደኛው ወር ሽፋኑ ተሰነጠቀና በፕላስተር ጠቀለልኩት፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም።

አሁን በየወሩ ያንኑ የግቤ ዳገት በዚያው በሦስተኛ ማርሽ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት እየወጣሁ የተጠየቀውንና ያለውን ግፊት መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ባለፈው ወር ልዩነቱ 20 ባር ነበር፤ በዚህ ወር 60 ሆኗል። ማጣሪያው ከተቀየረ 8,000 ኪሎ ሜትር ስላለፈው ለቅዳሜ ጋራዥ ቀጠሮ ይዣለሁ።