የልጆች የባንክ ሂሳብ ልትከፍቱ ካሰባችሁ ደሴ ፒያሳ ያለችውን ልጅ ጠይቁ

እስቲ ዛሬ ደግሞ ሰው ላመስግን። ወሬያችን ሁሉ ምሬት ሆኗል፣ እኔም ስማረር ነው የከረምኩት። ይቺን የባንክ ሠራተኛ ልጅ ሳላመሰግን ዝም ብል ግን አላህም አይወድልኝ።

ነገሩ የልጆች ቁጠባ ነው። ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ድክ ድክ ይላል። እቁቤ ሲደርሰኝ "ይሄ ብር የእነሱ ነው፣ አስራ ስምንት እስኪሞላቸው ማንም አይነካውም" ብዬ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ባንክ "ሲስተም የለም" አለኝ። ሌላ ቀን ሄድኩ፣ አሁንም ሲስተም የለም። ይሄ ሲስተም የሚባለው ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ እኔ ስሄድ አይኖርም። ሌላኛው ቦታ ደግሞ ያገኘሁት ልጅ ኮታ ሳይኖርበት አይቀርም፣ ገና ከበር እየሳቀ ተቀበለኝ፣ የልጆች ሂሳብ ነው የምፈልገው አልኩት፣ እሺ ብሎ በደቂቃ ከፈተልኝና የቁጠባ ሳጥን አሸክሞ ሸኘኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ደብተሩን ቢያየው በእኔው ስም የተከፈተ ተራ ሂሳብ ነው! የልጆቹ ስም የትም የለም። ሳጥኑ ላይ ብቻ የሕፃን ሥዕል አለ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ቀጥሎ የሄድኩበት ነው። ወለድ እንደማልፈልግ ነገርኩት። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ታዲያ ወለዱን ለድሃ ስጪዋ" አለኝ። ወሎ ውስጥ! ይሄ ጥያቄ በየቀኑ በሚጠየቅበት አገር! ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ የጀመረው በ2013 ነው፣ ሌሎቹም ባንኮች ለዚሁ የሚሆን መስኮት ካዘጋጁ ቆይተዋል፣ እሱ ግን ከሰማይ የወረደ ጥያቄ የጠየቅኩት ነው ያስመሰለው። እያለቀስኩ ነው የወጣሁት ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ጎረቤቴ እማማ (ለልጅ ልጃቸው ሊከፍቱ ሲያስቡ ከርመዋል) "አብሽሪ፣ እኔ የማውቃት ልጅ አለች" ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። የባንኩን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ማስታወቂያ ይመስላል። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። የልጅቷንም ስም አልጽፍም፣ "ተይኝ፣ ሥራዬ ነው" ብላኛለች።

ይቺ ልጅ ፎርም አላቀረበችልኝም። መጀመሪያ ወንበር ሰጠችን። ቀጥላ "እህቴ፣ ብሩ ለምን እንዲሆን ነው? በመሃል የሚያስፈልግሽ ነገር ቢመጣ ሌላ የምትይዥው አለሽ?" አለችኝ። ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የለኝም ስላት "እንግዲያው ሁሉንም እዚህ አታስገቢው። የልጅ ሂሳብ ለልጁ እንጂ ለቤት ወጪ እንዳሻሽ የምታወጪው አይደለም። ትንሽ በስምሽ ይቅር" አለች። ብር ይግባ ብላ ደመወዝ የሚከፈላት ሰው ብርሽን ቀንሺ ስትለኝ!

ወዲዓና ሙዳረባ የሚባሉትን ከወለድ ነፃ የሆኑ ሂሳቦች አስረዳችኝ። ወዲዓው አደራ ነው፣ ያስቀመጥሽውን ያህል ትወስጃለሽ። ሙዳረባው ባንኩ ሠርቶበት ትርፉን አስቀድሞ በተስማማችሁት ድርሻ የምትካፈሉት ነው። አሰላሉን ደጋግማ ነግራኝ ዛሬም አልገባኝም፣ እሷም አልሰለቸችም። ኪሳራም ሊኖር እንደሚችል ግን አልደበቀችኝም። እማማ ደግሞ በወለድ ነው የፈለጉት፣ እሳቸውንም "እናቴ፣ መርሃባ" ብላ በእሳቸው ምርጫ አስተናገደቻቸው። ማንንም ወደ ማንም አልገፋችም።

"ይበዛላቸዋል?" አሏት እማማ። እውነቱን ነገረቻቸው። ከ2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ የዕቃ ዋጋ ግን ከዚያ በላይ የሮጠባቸው ዓመታት አሉ፣ ስለዚህ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ጨምሩበት እንጂ አስቀምጣችሁ አትርሱት አለች። እማማም "ኧረ ጤፉ ይነግረን የለ" ብለው ሳቁ።

እኔ ብሩ ቤት እንዳይቀመጥ የምፈራው ያለ ነገር አይደለም። በ2014 ከተማችን ስትያዝ ባንኮቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር፣ ይሄን የደሴ ሰው አይረሳውም። ግን ባንክ ያስቀመጡት ዘመዶቻችን አዲስ አበባ ሲደርሱ አወጡ፣ አጎቴ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠውን ሲመለስ ሳጥኑንም አላገኘውም። ስለ ብሩ ሳይሆን ስለዚያ ሳጥን ነው ዛሬም የሚያወራው፣ የእናቱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፎርሙን ልፈርም ስል ልጅቷ እጇን ወረቀቱ ላይ አደረገች። የልጄን የልደት ሰርተፍኬትና የባለቤቴን መታወቂያ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ አየች፣ አየች፣ ከዚያ "ተመልከቺ" አለችኝ። ሰኢድ የሚለው የአያትየው ስም በእንግሊዝኛ አንዱ ላይ በ"አይ" ነው፣ ሌላው ላይ በ"ዋይ"። አንዲት ፊደል! "ዛሬ ብከፍትልሽ ማንም አይጠይቅሽም። ልጅቷ አስራ ስምንት ሞልቷት ብሯን ልትወስድ ስትመጣ ነው የምትንገላታው። አሁን ሂጂና አስተካክይው፣ እኔ ወረቀትሽን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ" አለችኝ።

ጠበቀችኝ። የቀበሌው ነገር እንደምታውቁት ነው፣ ጊዜ ወሰደ። ስመለስ ግን ስሜን ጠርታ ተቀበለችኝ፣ ወረቀቱ እንደተባለው ተዘጋጅቶ ነበር፣ የሁለቱም ልጆች ሂሳብ በየስማቸው ተከፈተ። አንድም ሰው ያላየውን አይታ ከአስራ ምናምን ዓመት በኋላ ሊመጣ የነበረ ጣጣ አወረደችልን። እናቷን አላህ በጀነት ያኑርልኝ፣ በሕይወት ካሉም ዕድሜ ይስጣቸው፣ እንዲህ አድርገው ላሳደጉ ሰዎች ምን ይባላል።

እባካችሁ የደሴም የኮምቦልቻም ሰዎች፣ ሐይቅ ያላችሁም፣ ለልጅ ልትከፍቱ ከሆነ እሷ ጋ ሂዱ። በወለድም ይሁን ያለ ወለድ፣ ሂዱ። የልደት ሰርተፍኬቱን ኦሪጅናል ያዙ፣ ፋይዳችሁንም። ሰኞ ብቻ አትሂዱ፣ ገበያ ስለሆነ ሰልፉ በር ድረስ ነው።