«ድሬድዎን ሳንፈታ ፎረፎሩን እናጠፋለን» የሚሉትን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬድ ኖሯችሁ ጭንቅላታችሁ የሚያሳክካችሁ፣ ትከሻችሁ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚረግፍባችሁ ሁሉ ተጠንቀቁ። «ሙሉ የድሬድ ሕክምና» እየተባለ በጥቅል የሚሸጥ አገልግሎት አለ። ሻጩ ቢለያይም ይዘቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ድሬዱን በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ መዘፍዘፍ («ዲቶክስ» ይሉታል)፣ በጠብታ የሚቀባ «የዕፅዋት ዘይት»፣ የሚያቀዘቅዝ ስፕሬይ፣ በመጨረሻም ሥሩን በሰም ማስጠምዘዝ። ብዙ ጊዜ የበርካታ ዙር ሒሳብ በቅድሚያ ይከፈላል። «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ውሃ እንዳይነካው» የሚል ማሳሰቢያም አብሮ ይሰጣል። ከአራቱ ውስጥ ፎረፎርን የሚያክም አንድም የለም። አንደኛው እንዲያውም ይቀልበዋል፤ ቀሪውን ጉዳት ደግሞ ማሳሰቢያው ይጨርሰዋል።

ዋናው ጉድ ዘይቱ ነው። ፎረፎር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከድርቀት የሚመጣ አይደለም። ማላሴዚያ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ደረትና ጀርባ ላይ ቋቁቻ የሚያወጣውም የዚሁ ወገን ነው። ፈንገሱ የሚያስፈልገውን ፋቲ አሲድ ራሱ መሥራት ስለማይችል የሚኖረው ከቆዳችን በሚወጣው ወዝ ነው። ወዙን ሰባብሮ የሚፈልገውን ይወስድና የተረፈውን፣ በተለይ ኦሌይክ አሲድን፣ እዚያው ይተወዋል። ይህ የማይስማማው ቆዳ ይቆጣል፣ ያሳክካል፣ ጊዜው ሳይደርስ ይላጣል። የወይራ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ኦሌይክ አሲድ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ማላሴዚያን ማሳደግ ሲፈለግ ማብቀያው ላይ የሚጨመረውም ይኸው የወይራ ዘይት ነው። በጥቅሉ የሚቀባችሁ ዘይት የወይራ ከሆነ፣ እናንተ ከፍላችሁ ጭንቅላታችሁ ላይ የምታስፈስሱት እሱን ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን የሠራ ይመስላል? ዘይት የተላጠውን ቅርፊት ቆዳው ላይ ያጣብቀዋል፣ ነጭነቱንም ያጠፋዋል። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ሜንቶል ወይም ፔፐርሚንት የቅዝቃዜ ስሜት እየፈጠረ ማሳከኩን ለሰዓታት ይሸፍነዋል። ከፀጉር ቤት የወጣችሁ ዕለት እውነትም ቀሎአችሁ ነው የምትወጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በድሬዱ ሥር ቢጫ የመሰለ፣ ጣት ላይ የሚቀባ ቅርፊት ይከማቻል። ያኔ «ገና አንድ ዙር ነው፣ ቀጥሉ» ትባላላችሁ።

ቲ ትሪ የተባለውን ዘይት በተመለከተ አንድ ነገር ለብቻው መባል አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። ሻምፖ ውስጥ 5 በመቶ ሆኖ ሲገባ ለቀላል ፎረፎር እንደሚረዳ የታየበት ጥናት አለ። በጥቅሉ የሚሸጠው ግን ያልተበረዘ ዘይት ነው፤ ተከፍቶ አየር ያገኘ፣ የቆየ ጠርሙስ ሲሆን ደግሞ ቆዳን በአለርጂ ይበልጥ ያስቆጣል። በፎረፎር ላይ ችፌ ጨምራችሁ ትመለሳላችሁ።

አሁን ወደ ዝነኛው ቡናማ ውሃ። ድሬዱ ሳህን ውስጥ ተዘፍዝፎ ውሃው ሲጠቁር ቪዲዮ የሚቀረጽበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያየ ሰው ሁሉ «ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ራሴ ላይ ነበር?» ብሎ ይደነግጣል። ከመዘፍዘፉ በፊት ግን ያንኑ የአፕል አቼቶ በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩልኝ በሏቸው። ፀጉር ሳይነካው ውሃው ቀጭን ሻይ መስሎ ታገኙታላችሁ። በእሱ ላይ የፀጉር ቀለም፣ ሂና፣ አቧራና አሮጌ ቅባት ሲጨመር ይጠቁራል። ከድሬዱ የወጣ ቆሻሻ የለም አይባልም፣ አለ። ግን የሚያሳክከው ቆዳችሁ እንጂ ድሬዳችሁ አይደለም፤ ሳህን ውስጥ የተዘፈዘፈው ደግሞ ድሬዱ ነው። ያ ሁሉ አረፋና ፍልቅልቅም ቢሆን አቼቶውና ሶዳው እርስ በርስ ሲጠፋፉ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚተርፈው ውሃና ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ነው። ተለያይተው ከተደረጉም ጉዳት አላቸው፦ የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 ገደማ ሲሆን የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ከ8 ይበልጣል፣ ስለዚህ ቆዳውንም ፀጉሩንም ያደርቃል። ያልተበረዘ አቼቶ ደግሞ በጥፍር የተፋቀ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ኬሚካላዊ ነው፣ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» የሚሏችሁን አትስሙ።

መዘፍዘፉ ሌላም መዘዝ አለው። ወፍራም ድሬድ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ከውስጥ ለመድረቅም ሰዓታት ይፈጅበታል። ገጹ ደርቆ እምብርቱ እርጥብ እያለ ተጠምዝዞ፣ በሰም ታሽጎ፣ ሻሽ ታስሮበት የሚታደርበት ከሆነ ውስጡ ይሻግታል። ምልክቱ፣ ደርቆ እያለ ብዙም የማይሸት፣ ውሃ ሲነካው ግን እርጥብ ጨርቅ የሚሸት ድሬድ ነው። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ሻምፖ እምብርቱ ድረስ አይዘልቅለትም፤ ብዙ ጊዜ መቁረጥ ይመጣል።

ሰሙን በአጭሩ፦ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ጭንቅላት አይታጠብም፣ ይቃጠላል እንጂ። ስለዚህ አንዴ የገባ ሰም አይወጣም፤ ቅርፊቱን፣ አቧራውን፣ የትራስ ጨርቅ ብናኙን ይዞ ይቀመጣል።

ከሁሉም የሚያሰጋው ግን ስያሜ በሌለው ብልቃጥ የሚመጣው «ዕፅዋት ብቻ» የተባለ ቅባት ነው። በየአገሩ የተመረመሩ እንዲህ ያሉ ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያፍን መድኃኒት) ተደብቆ ተገኝቷል። የሚያስነቃው ነገር ፍጥነቱ ነው፦ ለወራት ያስቸገረ ማሳከክ በአንድ ሁለት ቀን ድራሹ ይጠፋል፣ መቀባቱን ስታቆሙ ብሶ ይመለሳል። ቆዳው እየሳሳ፣ ቀይ ቀጫጭን የደም ሥሮች እየታዩበት ይሄዳል። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ስቴሮይድ የሚያዝበት ሁኔታ አለ፤ ስሙን፣ መጠኑንና የሚቆምበትን ቀን ነግሮ ነው የሚያዘው።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የሚረግፈውን ነገር እዩት። ድሬዱ አካል ላይ የተጣበቀ፣ በጣት ሲታሽ እንደ ሻማ የሚድበለበል ግራጫ ነገር የሰምና የጄል ክምችት ነው፤ መድኃኒት አይፈልግም። ቢጫ የመሰለና ቅባት ያለው ቅርፊት፣ በተለይ ቅንድብና የአፍንጫ ዳር ላይም ካለ፣ ፎረፎር ወይም ከእሱ የበረታው ሴቦሪክ ደርማታይተስ ነው። ወፍራም፣ ብርማ፣ ከፀጉሩ ጠርዝ አልፎ ግንባር ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ክርንና ጉልበት ላይም ካለ፣ ሶሪያሲስ የሚባል ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ልጅ ላይ ፀጉሩ ከሥሩ እየተሰበረ መላጣ ቦታ ከታየ፣ አንገቱ ላይም እብጠት ካለ፣ ጭርት ሊሆን ስለሚችል የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ የትኛውም ሻምፖ ብቻውን አያድነውም። ከተጠመዘዘ ማግስት ጀምሮ የሚያም፣ ግንባር ዳር ትናንሽ ብጉር የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ችግሩ መጥበቁ ነው። ሰው ይህን ችላ ብሎ ዘይት ይቀባል፤ ለረጅም ጊዜ ከተጎተተ ግን የሚመለጠው ፀጉር ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።

ለፎረፎር የሚሠራው ሻምፖ፣ የመድኃኒቱ ስም ከነመጠኑ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈበት ነው፦ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ (በአንዳንድ አገር 1 በመቶው ያለ ማዘዣ ይሸጣል)፣ ሴሊኒየም ሰልፋይድ 1 ወይም 2.5 በመቶ፣ ዚንክ ፓይሪቲዮን 1 በመቶ ገደማ። ሳሊሲሊክ አሲድ 2 ወይም 3 በመቶ ፈንገሱን ለማጥፋት ሳይሆን ወፍራም ቅርፊትን ለማንሳት ነው። ድሬድ ላላችሁ ምርጫው ለውጥ አለው። ሴሊኒየም ሰልፋይድ የተቀባ ወይም የሸበተ ፀጉርን ቀለም ሊለውጥ ይችላል፣ ብረትንም ይጎዳል፤ ድሬዳችሁ ላይ የብር ቀለበት ወይም የብረት ጌጥ ካለ ቀድማችሁ አውልቁ። የድንጋይ ከሰል ታር ያለበት ሻምፖ ነጣ ያለ ድሬድን ያቆሽሻል። ለብዙው ሰው ኬቶኮናዞል ይሻላል።

አጠቃቀሙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ኮንዲሽነር ያልተቀላቀለበት ተራ ሻምፖ አንድ እጁን በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ሹል አፍ ባለው ጠርሙስ በድሬዶቹ መካከል ባለው ቆዳ ላይ አፍስሱና አለቅልቁ። ቅባቱ ሳይነሳ መድኃኒቱ ቆዳውን አያገኘውም። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር መድኃኒቱን፣ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ ሳትበርዙ ከግንባር ወደ ማጅራት በየመሥመሩ አዳርሱት። ከጆሮ ጀርባ አትርሱ። በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ ሥጋ አሹት። ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቀብቶ ወዲያው ማጠብ ገንዘብን ወደ ፍሳሽ መድፋት ነው፤ «ሞክሬው አልሠራልኝም» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ይኸው ነው። ድሬዱን በሙሉ ማጠብ የማያስፈልግ ዕለት፣ ወይም አዲስ ድሬድ ሆኖ እንዳይፈታ ከተፈራ፣ ርዝመቱን በስቶኪንግ ጠቅልላችሁ ሥሩን ብቻ ማጠብ ይቻላል።

ስታለቀልቁ የእያንዳንዱን ድሬድ ሥር እየጨመቃችሁ፣ የሚያሙለጨልጨው ነገር እስኪጠፋ ድረስ ነው። የቀረ ሻምፖ ሲደርቅ ራሱ ቅርፊት ይመስላል፣ ያሳክካልም። ማታ አትታጠቡ። በፎጣ ጨምቁ፣ ከዚያ ካስክ ውስጥ ወይም በፎን ለብ ባለ ሙቀት አድርቁት። መድረቁን ለማወቅ ወፍራሙን ድሬድ በሶፍት ጠቅልላችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ሶፍቱ ከራሰ ገና ነው።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአራት ሳምንት፣ ከዚያ እንዳይመለስ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ። ባለ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስምንት እጥበት ያህል ይበቃል፣ ማለትም አንድ ጠርሙስ የመጀመሪያውን ዙር ይሸፍናል። ሒሳቡን ከጥቅሉ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ፈንገሱ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ስለማይጠፋ «ለዘለቄታው እናጠፋዋለን» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ያታልላል። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ከመታጠቡ በፊት በነበረው ሌሊት ሚኒራል ኦይል (ተራው የሕፃናት ዘይት ብዙውን ጊዜ እሱ ነው) ቆዳው ላይ ቀብታችሁ ጠዋት እጠቡት። ፈንገሱ ይህን ዘይት መመገብ አይችልም።

ሻምፖውን ስትገዙም ዓይን ያስፈልጋል። ከትልቅ ጀሪካን እየተቀዳ በሚያሳይ ጠርሙስ የሚሸጥ «ፀረ ፈንገስ» አትንኩ፤ ዚንክ ፓይሪቲዮንን ብርሃን ያበላሸዋል፣ እሱም ሆነ ሴሊኒየም ሰልፋይድ ይዘቅጣል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ የተቀዳውና መጀመሪያ ላይ የተቀዳው አንድ አይደሉም። በነገራችን ላይ የአውሮፓ ኅብረት ዚንክ ፓይሪቲዮንን ከማርች 2022 ጀምሮ ከመዋቢያ ምርቶች አግዷል፤ እዚያ «አሁን የገባ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ የድሮ ክምችት መሆኑን ጠርጥሩ። ጠርሙሱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ በመቶኛው፣ የምርት መለያ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ከሌለ መልሱት።

ጥቅሉን የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ያልተጀመሩትን ዙሮች ሒሳብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የዘይቱንና የቅባቱን ይዘት ዝርዝርም አብራችሁ ጠይቁ። ሥር ማስጠምዘዙን ብቻ ማስቀጠል የምትፈልጉ፣ ያለ ሰምና ያለ ዘይት፣ ታጥባችሁ በሄዳችሁበት ዕለት እንዲሠራላችሁ ንገሯቸው። ስያሜ የሌለውን ቅባት ለሳምንታት ስትቀቡ የቆያችሁ ደግሞ ብልቃጡን አትጣሉት፤ እንደያዛችሁት ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ፣ ስንት ጊዜ በቀን፣ ለምን ያህል ሳምንት እንደተቀባችሁም ንገሩት።