ከወለድ ነፃ መስኮት ለፎገራ ገበሬ፦ የአንድ የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ግምገማ

ይህ ግምገማ ባሕር ዳር መሐል ከተማ ስለሚገኝ አንድ መደበኛ ባንክ የከወለድ ነፃ አገልግሎት መስኮት ነው። የባንኩን ስም የተውኩት የምነቅፍበት ጉዳይ በሌሎች መስኮቶችም ያለ ስለሚመስለኝ ነው። ፎገራ የሚያርሰው የአክስቴ ልጅ ከጉማራ ወንዝ ውሃ የሚስብበት ሞተር ሙራባሃ በሚባለው ከወለድ ነፃ የዱቤ ሽያጭ ውል ለመግዛት ሲያመለክት፣ ከማመልከቻው እስከ ርክክቡ ድረስ አብሬው ነበርኩ።

በቁጠባ በኩል የምወቅሰው ነገር የለኝም። ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. መደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ ከወለድ ነፃ እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ፣ በተለይም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በወለድ ምክንያት ከባንክ ደጃፍ ርቆ የቆየ ብዙ ሙስሊም የዋዲዓ፣ ማለትም ገንዘብ ያለ ወለድ በአደራ የሚቀመጥበትን፣ ደብተር አውጥቷል። የገንዘቡ መሰብሰብ ተሳክቷል ማለት ነው፤ ጥያቄው የገጠሬው ገንዘብ ተመልሶ ወደ ገጠር መውጣቱ ላይ ነው።

ሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ለይቶ አሳውቆ፣ ለደንበኛው በዱቤ የሚሸጥበት ውል ነው። በእኛ ውል ላይ የሞተሩ መግዣ፣ የባንኩ ትርፍና ጠቅላላ ዕዳው በሦስት መስመር ተለያይተው ሰፍረዋል፤ ሠራተኛዋም ድምሩ ቢዘገዩበትም እንደማይጨምር፣ ሆን ብሎ የሚያዘገይ ሰው የሚከፍለው ቅጣትም ለበጎ አድራጎት እንጂ ለባንኩ ገቢ እንደማይሆን አንድ በአንድ አነበበችለት። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የመግዛት ቃል መግቢያውንና የሽያጭ ውሉን ባንድ ቁጭታ ልታስፈርመው ስትል አስቆምናት። ባንኩ የራሱ ያላደረገውን ዕቃ ከሸጠ ነገሩ ከወለድ ብድር የሚለየው በወረቀቱ ርዕስ ብቻ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቀው፣ ሽያጩ የተፈረመው የግዢው ደረሰኝ በባንኩ ስም ከመጣ በኋላ ነው። እርማቱን ያለ ቁጣ መቀበላቸውን አልዘነጋውም፤ ሳንጠይቅ ቢሆን ኖሮ ግን ያልፍ ነበር።

የከፋው የመክፈያው ጊዜ ነው። ፎገራ ሩዙን በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፣ ከዚያ በመስኖ ሽንኩርት ይተክላል፤ ደህና ብር በእጁ የሚገባው ምርት ሲነሳ ብቻ ነው። ባንኩ ግን እንደ ደመወዝተኛ በየወሩ ክፈል አለው። ክፍያው በምርት ወቅት ይሁንልን ብንል «ሲስተሙ አይቀበልም» ተባልን። በሙራባሃ ሕግ ሁለቱ ወገኖች እስከተስማሙ ድረስ መክፈያውን በመኸር ጊዜ ማድረግን የሚከለክል ነገር የለም፤ ከልካዩ ለከተማ ነጋዴ የተሠራው ሶፍትዌር ነው።

ማስያዣውም እንደዚሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትንና ሰብልን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለዋስትና እንዲውል ቢደነግግም፣ ቅርንጫፉ የከተማ ቤት ወይም መኪና ካልሆነ አላለም። ጉዳዩ ያለቀው በእኔ የቤት ካርታ ነው። ባሕር ዳር ቤት ያለው ዘመድ የሌለው ገበሬ እዚያ ወንበር ላይ ባይቀመጥ ይሻለዋል።

እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ሰለም የሚባለው ውል በዚህ መስኮት አለመኖሩ ነው። በሰለም ገዢው፣ እዚህ ላይ ባንኩ፣ ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል፤ የምርቱ ዓይነት፣ ደረጃ፣ መጠንና የማስረከቢያው ቀን በውሉ ይቆረጣል። የእኛ ገበሬ ዘር፣ ማዳበሪያና ነዳጅ ሲያጥረው ሽንኩርቱን ገና በማሳ ላይ እያለ ደላላ በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል፤ ሰለም ይህንን ቀዳዳ ነው የሚደፍነው። ሽንኩርት ስለሚበሰብስ ባንክ ቢፈራው አይፈረድበትም። ሩዝ ግን ይከማቻል፤ ባንኩም ከወረታ ፈታጊዎች ጋር ራሱን የቻለ ሌላ የሰለም ውል አስሮ የሚረከበውን ማስተላለፍ ይችላል። ይህን ሳነሳ አንዱ ሠራተኛ «ባንክ የሩዝ ነጋዴ ሊሆን ነው?» ብሎ ሳቀ። በሙራባሃ የሞተር ነጋዴ ከሆነ መቼም ቆይቷል። ገጠሩም ትርፍና ኪሳራ መጋራትን ከባንክ የሚማር አይደለም፤ መሬቱን ለእኩል የሚሰጥ፣ ላሙን ለርቢ የሚያውስ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ቤት ወይም መኪና ላለው የከተማ ነጋዴ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ሠራተኞቹ ትሑት ናቸው፣ ውሉም ይነበባል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ግን ፕሮፎርማ ከማስገባቱ በፊት የመክፈያ ጊዜውን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ደረሰኙም በባንኩ ስም መቆረጡን በዓይኑ ሳያይ የሽያጩን ውል አይፈርም።