የሳቢያን የልጆች እጅ ኳስ ስልጠና፣ ውርወራ ከእግር ሲጀመር

ልጄን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ወደሚሰጠው የእጅ ኳስ ስልጠና ማመላለስ ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ። በጣም ወድጄዋለሁ። አሰልጣኟ ኳስ ከማስያዟ በፊት የእግር አቋቋም ነው የምታስተምረው። በቀኙ የሚወረውር ልጅ ግራ እግሩን ያስቀድማል፣ ክርኑን ከትከሻው በታች አያወርድም፣ ከዚያ ወገቡ ቀድሞ ይዞርና ትከሻው፣ ክንዱ፣ በመጨረሻም የእጅ አንጓው ይከተላል። ልጄ ድሮ በክንዷ ጉልበት ብቻ ስለምትወረውር ማታ ማታ ትከሻዬን አመመኝ ትለኝ ነበር፤ አሁን ቀርቷል። ኳሱም የልጅ ነው፣ ዙሪያው ከ50 እስከ 52 ሳንቲሜትር፣ እጇ በደንብ ይጨብጠዋል። ለትንሽ ልጅ የአዋቂ ኳስ የሚሰጡ ሰዎች በእውነት ያናድዱኛል። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሜዳው ጥላ የለውም። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ 3 ሰዓት ካለፈ መሬቱ እሳት ነው። እባካችሁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩልን።