«በራችሁን በአንድ ቀን አዲስ እናደርጋለን» ለሚሉ ቀብድ አትስጡ

የቤት ውስጥ በር፣ የደረጃ መደገፊያ ወይም ቁም ሳጥን አርጅቶባችሁ ለማሳደስ ያሰባችሁ ሁሉ ተጠንቀቁ። «ሳንፍቅ፣ አቧራ ሳናስነሳ፣ ስቴይን ቀብተን በአንድ ቀን እናስረክባለን» ካሏችሁ የሚቀቡላችሁ ስቴይን (እንጨቱን ራሱን የሚያቀልም ፈሳሽ) አይደለም። ቀለም የተበጠበጠበት ቫርኒሽ ነው፤ የሚያርፈውም እንጨቱ ላይ ሳይሆን አሮጌው ቫርኒሽ ላይ ነው።

ስቴይን ሥራውን የሚሠራው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ነው። አሮጌ ቫርኒሽ ካለ መግቢያ የለውም። ለማወቅ ቀላል ነው፦ በሩ ላይ፣ አግድም በሆነ ቦታ፣ አንድ ጠብታ ውሃ አኑሩ። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆየ ቫርኒሹ አለ፤ እንጨቱን አጥቁሮ ከሰረገ ቫርኒሹ አልቋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ በር ላይ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ እጀታው አካባቢ ያለቀ፣ ከላይ ደግሞ ያልተነካ። እንዲህ ያለ በር ሳይፋቅ ከተቀባ ዥንጉርጉር ይሆናል።

ባለቀለሙ ቫርኒሽ ሲያስረክቧችሁ ያምራል፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። መላጥ የሚጀምረው እጅ ከሚበዛበት ቦታ፣ ከእጀታውና ከቁልፉ ዙሪያ ነው። የእጅ ወዝ ሳይታጠብ ስለተቀባ በጥፍር ሲጫር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። የማዕድ ቤት ካቢኔ ላይ የዘይት ጭስ ይኸንኑ ያደርጋል። ሲሊኮን ባለው የዕቃ መወልወያ ስፕሬይ ሲጸዳ የኖረ እንጨት ላይ ደግሞ ቫርኒሹ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይተዋል። በጠንካራ ቲነር የቀጠነ ላክ (ቶሎ የሚደርቅ ቫርኒሽ መሰል ቅብ) በአሮጌ የዘይት ቫርኒሽ ላይ ሲረጭ የታችኛውን ያነሳውና ይሸበሸባል።

መጠኑንም አስሉ። 90 በ210 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ሁለቱ ገጾቹና ጠርዞቹ ተደምረው 4 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። አንድ ሊትር ቫርኒሽ አንድ ዙር ሲቀባ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሦስት ዙር ለሚፈልግ አንድ በር ወደ 1 ሊትር ቫርኒሽ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለስምንት በር አንድ ባለ 4 ሊትር ጋሎን ይዞ የመጣ ሰው አንድ ዙር ቀብቶ ሊሄድ ነው፣ ወይም በቲነር አቅጥኖ ሊያዳርሰው ነው።

ትክክለኛው ሥራ ብዙ ቀን ይወስዳል። እጀታና ማጠፊያው ይፈታል፤ እንጨቱ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) ይፋቃል፣ በ120 ይስተካከላል፣ በ150 ወይም 180 ያበቃል፤ ሁልጊዜም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ፤ ተሻግሮ የተፋቀ ጭረት ስቴይን ሲገባበት ጎልቶ ይወጣል። ከ180 በላይ ካለሰለሱት ደግሞ እንጨቱ ቀለሙን በደንብ አይጠጣም። ስቴይኑ በጨርቅ ይቀባና ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ትርፉ ይጠረጋል። ይህቺ መጥረግ ናት ብዙ ጊዜ የምትዘለለው፤ ሳይጠረግ የቀረው ሳይደርቅ ይጣበቃል፣ የላዩ ቫርኒሽም አይይዝም። የዘይት ስቴይን ከሆነ 24 ሰዓት ይጠበቃል፤ ብርድና እርጥበት ባለበት በክረምት ከዚያም በላይ። ከዚያ ቫርኒሹ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይቀባል፤ በየዙሩ መሃል በ220 ወይም 320 ቀለል ተደርጎ ይታሻል።

በራችሁ ከምን እንደተሠራ ሳትለዩ ውል አትግቡ። ወፍራም የዋንዛ እንጨት ሊፋቅ ይችላል። ኮምፔንሳቶ ወይም ቬኒር የለበሰ በር ግን ላዩ ያለው እንጨት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ የመፋቂያ ማሽን በቅጽበት ይበሳዋል፤ በእጅ ብቻ፣ ከ120 ጀምሮ ይሠራ። የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ወይም ፕላስቲክ የለበሰ ኤምዲኤፍ ላይ ስቴይን አይሠራም፤ «ይሠራል» የሚላችሁን አሰናብቱት። ዝግባ ቀለም የሚጠጣው ወጥ ባልሆነ መንገድ ነው። ስለዚህ የቀለም ናሙና ከካታሎግ ሳይሆን ከራሳችሁ በር ላይ፣ ከማይታይ ጠርዝ፣ ተፋቆና ቫርኒሹ ጭምር ተቀብቶ ይታያችሁ።

ቀለሙን ራሳችሁ ግዙ። የዙሩ ብዛት፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥርና የማድረቂያው ጊዜ በጽሑፍ ይስፈር። ክፍያውን ከፋፍሉት፦ ከፊሉ ፋቆ ሲያሳያችሁ፣ ከፊሉ ከስቴይኑ በኋላ፣ ቀሪው የመጨረሻው ዙር ደርቆ ስትፈትሹት። ፍተሻው ይህ ነው፦ በማይታይ ጠርዝ በምላጭ ትንሽ የመስቀል ጭረት አድርጉ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ባንዴ ሳቡ። ፕላስተሩ ቀለም ይዞ ከመጣ ቅቡ እንጨቱን አልያዘም ማለት ነው።

ቫርኒሹ ያልተላጠ፣ ድምቀቱን ብቻ ያጣ በር ከሆነ ግን ስቴይን ጭራሽ አያስፈልገውም። አጥቦ፣ በ220 አሽቶ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንስቶ፣ ሲደርቅ ቀለም የለሽ ቫርኒሽ ሁለት ዙር መቀባት ይበቃዋል፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል።

ቀድሞ ተቀብቶ መላጥ የጀመረባችሁ ደግሞ በላዩ ሌላ ዙር አታስቀቡ። እስከ እንጨቱ መፋቅ አለበት።

ሥራው በሚካሄድበት ክፍል ከሰል አታንድዱ፣ ቡናም አታፍሉ፤ የቲነር ትነት በፍም ይቀጣጠላል። የዘይት ስቴይን የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ሠራተኛው ጥግ ላይ ጥሎት እንዳይሄድ፤ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይነከር።